ሁለት አንደኞች ከአንድ ቤት

እናቱ እንኳ በስሙ መጥራት ከተወች ቆይታለች። "ካፒቴኔ" ነው የምትለው፤ ስልክ ስታነሳም፣ ጎረቤት ፊትም፣ ስትቆጣውም ጭምር። እሱም ለምዶታል። በልጅነቱ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣ ነበር። በአብራሪዎች ትምህርት ቤትም አንደኛ ወጣ፤ ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ በግራው ወንበር፣ በዋና አብራሪው ቦታ ተቀመጠ። ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው። ሲቆጣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ዝም ብሎ ያያል፣ ያ ዝምታው ከጩኸት ይብሳል። የሚያሠለጥናቸው ወጣቶች በሌለበት "ሰበብ አልሰማም" እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ያቺ ቃል ከአፉ ስለማትጠፋ።

ወንድም እንዳለው ግን ከባልደረቦቹ አንድም የሚያውቅ አልነበረም።

ወንድሙ ታላቁ ነው። እሱም በጊዜው አንደኛ ነበር፤ እንዲያውም ለካፒቴኑ አንደኝነትን ያስተማረው እሱ ነው። የቤት ሥራ ሲያሳየው መልሱን አይነግረውም፣ "እንዴት እዚህ ደረስክ?" ብቻ ይለዋል። ሰፈሩ "ሒሳቡ" ብሎ ስም አወጣለት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጓደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ፣ እሱን በክንዱ ደግፎ አመጣና ለእናቱ አስረከባት። ከዚያ ወዲህ ጓሮ ካለችው ክፍል ይኖራል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወስዳል። ደህና በሆነ ጊዜ አትክልት ይኮተኩታል፣ የጎረቤት ልጆችን ያስጠናል፤ ሲብስበት በሩን ዘግቶ ይከርማል። ሰው ሁለቱን ወንድማማቾች እያየ "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር" ይላል።

ካፒቴኑ ሲያገባ እናቱን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ግርግሩ ይረብሸዋል፤ እቤት ቢቀር አይሻልም?" አላት። እናት አንገቷን ደፍታ "እንዳልክ" አለች። ወንድሙ ያን ቀን ጠዋት ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንደማይሄድ ሲነገረው "እሺ" ብሎ ገባና ሱፉን አውልቆ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ካፒቴኑ "ጋሼ" ብሎ መጥራቱንም ተወ። ለሥራ ጓደኞቹ "ለእናቴ አንድ ነኝ" ይላል። መጀመሪያ ሲላት ቃሏ ከበደችው፤ እየዋለች እያደረች ግን እንደ ሰላምታ ቀለለች።

"የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይባላል። ነገሩ የጀመረው በደጉ ቀን ነው፣ የአሠልጣኞች አለቃ ሆኖ በተሾመበት ሰሞን። ከምሳ ግብዣው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባና ቁልፉን ማዞር አቃተው። አንድ ሰው ደረቱን በጉልበቱ የተጫነው መሰለው። እጁ ላብ በላብ ሆነ፤ የልብ ድካም ነው፣ አበቃልኝ አለ። ቆይቶ ለቀቀው። ጉዳዩ በዚያው የቀረ መስሎት ለማንም አልተናገረም፤ ነገሩ ግን ተመላለሰበት። ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ያልሠራውን ስህተት ሠርቻለሁ ብሎ ያሰላስላል። የቤቱን በር ቆልፎ ወጥቶ፣ ከመንገድ ተመልሶ እጀታውን ይስባል። ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ሥራ ነው" ይላታል። ላይ ላዩን የተተኮሰ ሸሚዝ፣ ውስጡን ለቄስ። ሐኪም ጋ መሄድማ የሚታሰብ አልነበረም፤ የአብራሪ ፈቃድ በሐኪም ብዕር ጫፍ ላይ እንደሚንጠለጠል ያውቃል። ከፈቃዱም በላይ የሚያስፈራው ደግሞ ያቺ የጓሮ ክፍል ነበረች። "እንደሱ ልሆን ነው" የምትል ሐሳብ ብቅ ስትል፣ በር እንደሚዘጋ ሰው ደንግጦ ይዘጋባታል።

የተዋረደው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ነፋሱ ከጎን ይመታል፤ ደመናው ዝቅ ብሏል። አብራው የነበረችው ረዳት አብራሪ ራሱ ያሠለጠናት ወጣት ሴት ናት፤ በሥልጠናዋ ጊዜ አንድ ቀን በሰው ፊት አንድ ስህተቷን ደጋግሞ ሲያስነግራት እንባዋ ጠብ ብሎ ነበር። አውሮፕላኑ ለማረፍ ቁልቁል እየወረደ ነው። ከመቆጣጠሪያ ማማው የተነገረውን ቁጥር መልሶ መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ያ ጉልበት ደረቱ ላይ ወጣ። እጁ መሪው ላይ ነው፤ ግን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ዝም ብሎ ያየዋል።

"ካፒቴን?" አለችው።

አልመለሰላትም። ነፋሱ አንዱን ክንፍ ገፋ አደረገው።

"ካፒቴን፣ ይሰሙኛል?" ደግማ ጠየቀችው። ከዚያ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ "እኔ ይዣለሁ" አለችና መሪውን ያዘች። ለማማው መለሰች፣ አውሮፕላኑን አስተካከለች፣ መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ ብዙም አላንገጫገጨም። ከኋላ መንገደኞቹ ሲያጨበጭቡ ይሰማል።

ትንፋሹ የተመለሰለት አውሮፕላኑ ከቆመ በኋላ ነው። እንደ ልማዱ ኮፍያውን አጥልቆ፣ መንገደኞቹን ሊሰናበት በሩ ላይ ቆመ። ለምን እንደቆመ ኋላም ሊገባው አልቻለም፤ እግሩ የለመደውን አደረገ። ሰዎቹ "እናመሰግናለን ካፒቴን"፣ "ያን ነፋስ እንዴት አድርገህ!" እያሉ ያልፋሉ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት በልጃቸው ተደግፈው መጡና እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እጅህ ይባረክ ልጄ፤ ዕድሜ ይስጥህ" አሉና ሳሙት። ረዳት አብራሪዋ ቦርሳዋን ይዛ ከጀርባው ቆማለች። "እሷ ናት" ማለት ይችል ነበር፤ ሁለት ቃል ነው። "አሜን፣ እማማ" አላቸው።

መንገደኛው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ ዓይኑን ሳታይ፣ "ሪፖርት ማድረግ አለብኝ፤ ያውቃሉ" አለችው። "ግን ራስዎ ቢናገሩ ይሻላል ብዬ ነው። እስከ ነገ እጠብቃለሁ።"

"ሆዴን አሞኝ ነው" አላት።

"እሺ" አለች። እንዳላመነችው ከድምጿ ያስታውቃል።

በማግሥቱ ማለዳ የበረራ ኃላፊው ቢሮ ገባ። እውነቱን ሊናገር እንደሄደ ራሱን አሳምኖ ነበር። ኃላፊው ተነስቶ ተቀበለው፣ ወንበር ሳበለት፣ "እስቲ ደግሞ ዛሬ አንተ ምን ልታስተምረን ነው?" አለው እየሳቀ። በዚያች ሳቅ መሐል የካፒቴኑ ልብ ከዳችው። ሆዱን ቁርጠት ይዞት እንደነበር ተናገረ። እዚያ ላይ ቢያቆም እንኳ ጥሩ ነበር። ግን ልጅቷ የምትለውን ፈራና፣ "መሪውን ላስረክባት ስል ሳልጨርስ ቸኩላ ነጠቀችኝ፤ ወጣት ናት፣ መደንገጧ አይፈረድባትም" ብሎ ጨመረ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ። የሃያ ዓመት ስም ካንዲት ጀማሪ ቃል ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚደፋ የታወቀ ነው። ነገሩ እስኪጣራ ልጅቷ ከበረራ ታገደች። ለእሱ የሕመም ፈቃድ ተሰጠው፤ "ሆድህን አሳክም" ተባለ።

ቀናት አልፈው ቢሮው የተወውን ዕቃ ሊወስድ ተመልሶ ሲገባ፣ በመሥሪያ ቤቱ ካፍቴሪያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አብራሪዎች ይሳሳቃሉ። "ነጣቂዋስ የት ገባች?" አለ አንዱ። ስም ወጥቶላታል። ካፒቴኑን ሲያዩ ቦታ ለቀቁለት፤ አንደኛው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሻዩን ሳይነካው ተነስቶ ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

እሑድ እናቱ ዘንድ ሄደ። ጎረቤት ተሰብስቧል፤ እናት አሮጊቷ እጁን መሳማቸውን ከየት እንደሰማች እንጃ፣ እያስፋፋች ታወራለች። "ነፋሱ አውሮፕላኑን እንደ ወረቀት ሲያገላብጠው የኔ ልጅ ፍንክች አላለም" ትላለች። ካፒቴኑ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ያ ጉልበት ደረቱ ላይ ሲወጣ ተሰማው። "መጣሁ" ብሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባና በሩን ቆለፈ። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ውኃውን ከፈተው፣ ድምፁን እንዳይሰሙ።

ቆይቶ በሩ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። ወንድሙ ነው፤ የጓሮ ውኃው ሲቀንስበት የቧንቧ ብልሽት መስሎት ነበር የመጣው።

"ሰው አለ" አለ ካፒቴኑ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ።

ወንድሙ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ሲቀመጥ ተሰማ። "አትክፈት፣ ግዴለም" አለ። "እዚህ ነኝ። ሰው ከመጣ ቧንቧው ተበላሽቷል እላለሁ።"

ካፒቴኑ ያን ጊዜ አፉ ያመጣለትን ሁሉ ለፈለፈ፤ አብዛኛው ቅጥ የለውም። "አልነጠቀችኝም" የሚለውን ግን ደጋግሞ አለው። ሲረጋጋ በሩን ከፈተ። ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ተፋጠጡ።

"ለእማዬ እንዳትነግራት" አለው።

"እኔ ብነግራትስ ማን ያምነኛል" አለ ወንድሙ፣ በጭቃ የተለወሰ እጁን በሱሪው እየጠረገ። ከንፈሩ ላይ ፈገግታ ነገር አለ።

"ያንተም እንዲህ ነበር የጀመረህ?"

"አይ፣ የኔ ሌላ ነው። ያንተን አላውቀውም። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ፣ ከፈለግክ ሐኪሟን ጠይቃቸው።"

"አልፈልግም" አለ ካፒቴኑ። ማክሰኞ ጠዋት ግን መኪናውን ከእናቱ ደጃፍ ራቅ አድርጎ አቁሞ ጠበቀው።

ክሊኒኩ ከአንድ ፋርማሲ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብና ጨለምለም ያለ። ካፒቴኑ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ነበር። "መነጽሩን አውልቀው፣ ትወድቃለህ" አለው ወንድሙ ከፊት እየወጣ። መጠበቂያው ክፍል ግድግዳው ሥር የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን የምግብ አሠራር ያሳያል። እንዳሰበው የሚጮህ ሰው የለም። አንዲት ሴት እያዛጋች ስልኳን ታያለች፤ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ አጣጥፈው ራሳቸውን ያራግባሉ። ካርድ የምትሰጠው ልጅ ወንድሙን ገና ከሩቅ አይታ ፈገግ አለች፤ ወደ ካፒቴኑ ዞራ "እርስዎ አስታማሚው ነዎት?" አለችው።

"አዎ" አለ።

ቃሉ ሳያስበው ነው ያመለጠው። ወንድሙን ለማየት አልደፈረም። ወንድሙ ግን ምንም አላለም፤ ሄዶ ተቀመጠና ከጎኑ ያለውን ወንበር በመዳፉ ጠራረገለት። ጎን ለጎን ተቀምጠው ቴሌቪዥኑን አዩ። ካፒቴኑ በአንዲት ቃል ደግሜ ከዳሁት ብሎ አሰበ፤ ያን የሰርግ ቀን ሱፍም አሰበ።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ሐኪሟ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "እህ፣ እንዴት ሰነበትክ?" አሉ ወንድሙን።

"ደህና ነኝ" አለ። "ዛሬ አስታማሚው እኔ ነኝ።" ወንበሩን ለካፒቴኑ ለቀቀና ወደ በሩ አመራ። "ውጭ እጠብቅሃለሁ።"

ካፒቴኑ ተቀመጠ። ከወለሉ ላይ ዓይኑን ማንሳት አቃተው። "ጋሼ" አለ፤ ቃሏ ከመቆየቷ ብዛት ዝጋ ነበር፣ ድምፁ ሻከረ። "አትውጣ።"

ወንድሙ ተመልሶ ጥግ ላይ ቆመ።

ካፒቴኑ ስለ ደረቱ ለሐኪሟ ነገራቸው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ በሩ እጀታ፣ ስለ ነፋሱና ስለ እጁ። "ሌላስ?" አሉት። "ሌላ የለም" አለ። "አልነጠቀችኝም ስላልካት ልጅስ?" አለ ወንድሙ ከጥግ፣ እንዲያው የተረሳ ነገር እንደሚያስታውስ ሰው። ካፒቴኑ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሐኪሟ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። ያንንም ተናገረው፤ ሁሉንም፣ የአሮጊቷን መሳም ሳይቀር። ሲጨርስ፣ ማልቀሱ ሳይታወቀው፣ ሸሚዙ ርሷል።

"ደረትህንና እንቅልፍህን አብረን እናየዋለን" አሉት። "ጊዜ ይፈጃል፣ ግን ይታከማል። እስከዚያ አትበርም፤ እሱን ለመሥሪያ ቤትህም እጽፋለሁ። የልጅቷ ነገር ግን የሕክምና አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለ።

ቢያውቅም በማግሥቱ ኃላፊው ዘንድ አልሄደም። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ደርሶ ተመለሰ። በሦስተኛው ገባ፤ ረዳት አብራሪዋም እንድትጠራለት ጠየቀ። መጥታ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ ተቀመጪ ስትባልም አልተቀመጠችም። ካፒቴኑ አቀርቅሮ ጀመረና፣ እንደዚያ አቀርቅሮ መናገሩ ራሱ ሌላ ውርደት ስለመሰለው ቀና አለ። ሆዱን እንዳላመመው፣ መሪውን እንዳልነጠቀችው፣ እሷ ባትይዘው ምን ይፈጠር እንደነበር ተናገረ። "የዋሸሁት ፈርቼ ነው። ይኼ ሰበብ አይሆንም" አለ። ኃላፊው ከወንበሩ ላይ መፈናፈን አቃተው፤ ያን ያህል ዓመት ያከበረውን ሰው የት እንደሚያደርገው የጠፋው ይመስል ነበር።

"አመሰግናለሁ አልልዎትም" አለች ልጅቷ። "ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"እቤቴ ድረስ ገብቷል፤ ታናሽ እህቴ እንኳ ሰምታዋለች።" ከዚያ ለኃላፊው "ወደ ሥራዬ መቼ ነው የምመለሰው?" አለችና መልሱን ሰምታ ወጣች።

ከተናገርኩ ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ አልቀለለውም። ወሬው ከእሱ ቀድሞ በየኮሪደሩ ደረሰ። ትከሻውን መታ መታ ያደረገው ባልደረባው እሱን ሲያይ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። እቤት ሲገባ ለሚስቱ ነገራት፤ ያሳመማት መታመሙ አልነበረም። "ለወንድምህ ነገርከው፣ ለሐኪም ነገርካት፣ ለአለቃህ ነገርከው" አለች። "እኔ ለአንተ ማን ነበርኩ?" ለብዙ ቀን አጠገቡ ተኝታ ጀርባዋን ሰጠችው። አንድ ጠዋት ግን፣ በቀጠሮው ቀን፣ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ምንም ሳትል መኪናው ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

እናቱ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው "ለጎረቤት ምን እላለሁ?" ነው። ወንድሙ ቲማቲም ከሚለቅምበት ቀና ብሎ "ስለኔ ስትይ የኖርሽውን በያ፤ ለምደሽው የለ እንዴ" አላትና ሳቀ። እናት አልሳቀችም። ጓዳ ገብታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ለሁለቱም ሻይ ቀዳችላቸውና መሐላቸው ተቀመጠች፤ ያን ዕለት "ካፒቴኔ" አላለችውም፣ ስንት ዓመት ሙሉ ባልጠራችው ስሙ ጠራችው። እንግዳ ሆነበት፤ ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ሊዞር ነበር።

መዳኑ ደረጃ እንደ መውጣት አልነበረም። ደህና የሆነባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ደግሞ ያለ ምክንያት አልጋ ላይ የዋለባቸው ቀናት። በመድኃኒቱ አፈረ፤ መጀመሪያ ካልሲ መሐል ይደብቀው ነበር፣ ኋላ ሚስቱ አውጥታ ከጥርስ ብሩሹ አጠገብ አስቀመጠችው። በሕክምናው ቋሚ የቤት ሥራ ተሰጥቶት ስላላሟላ እንደ ተማሪ ተጨንቆ ሲሄድ፣ ሐኪሟ "እዚህ ፈተና የለም፣ አንደኛም የለም" አሉት። ተናደደባቸው። ያለ አንደኝነት ራሱን የሚይዝበት እጀታ አልነበረውማ። ወንድሙም ሁልጊዜ ደግ አልነበረም፤ አንድ ቀን "ሰርግህን ፎቶ ላይ ብቻ ነው ያየሁት" አለው፣ ድንች እየላጠ። ካፒቴኑ ይቅርታ ጠየቀው። ወንድሙ "እሺ" አለ፤ ያን ጊዜ እንዳለው ዓይነት "እሺ"። ይህ አንዱ ነገር ፈጥኖ እንደማይሽር ካፒቴኑ ተረዳና አላስጨነቀውም። ሌላ ቢላዋ አንስቶ አብሮት ላጠ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ የሐኪሞች ቦርድ መብረር እንደሚችል ፈረደለት፤ ከሌላ ካፒቴን ጋር ብቻ፣ በቀኙ ወንበር፣ በረዳቱ ቦታ። አለቃነቱ ቀርቷል። በመጀመሪያው ቀን ከጎኑ ለተቀመጠው፣ ከእሱ በዕድሜ ለሚያንሰው ካፒቴን፣ "አንድ ነገር ከተሰማኝ ወዲያው እነግርሃለሁ" አለው። ይህን ሲል ጆሮው ድረስ ቀላ። ያኛው "እኔም እነግርሃለሁ" አለና ወደ ሥራቸው ገቡ።

ወራት አልፈው፣ መሬት ላይ ባለው የበረራ ማስመሰያ ክፍል ሌሎች አብራሪዎችን መፈተን እንዲጀምር ተፈቀደለት። አንድ ቀን የፈተና ድልድል ሲወጣ፣ ለካፒቴንነት የምትፈተነው ያቺው ረዳት አብራሪ ሆነች፤ ፈታኙ ደግሞ እሱ። ኃላፊው ዘንድ ገብቶ "እኔ እሷን ልፈትን አይገባኝም፤ ሌላ ሰው ይተካ" አለ። "እሷ እኮ አልተቃወመችም" አለው ኃላፊው። "ባትቃወምም" አለና ወጣ።

ፈተናውን ባለፈችበት ቀን ኮሪደር ላይ ተገናኙ። አዲሱን የትከሻ ምልክት ገና አላደረገችም፤ በእጇ ይዛዋለች። ዞር ብሎ ሊያልፋት ይችል ነበር፤ ቆመ።

"እንኳን ደስ አለሽ" አላት።

"አመሰግናለሁ።" ምልክቱን በጣቷ አገላበጠች። "ቢፈትኑኝም አልፍ ነበር።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ ያላለፍኩት።"

አየችው። አልሳቀችም፣ ፊቷን ግን አላጠቆረችበትም። "ከሰዓት በረራ አለኝ" ብላ መንገዷን ቀጠለች። ካፒቴኑ ግድግዳውን ተደግፎ ጥቂት ቆየ፤ የለመደው እፍረት መጣና አጠገቡ ቆመ። ትንፋሹን ሰብስቦ የሚቀጥለውን ተፈታኝ ሊጠራ ወደ ክፍሉ ገባ።